አንሶላው ላይ የተረፈችው መስቀያ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ በሰዓቱ ይጠቀማሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አቁመው «ነገ እጀምራለሁ» እያሉ ነው? እማማስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት? ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እመለሳለሁ። ናፍቆታችሁ እንዳለ ነው። ሰሞኑን ግን ከናፍቆቱ የሚከብድ ነገር ተጨምሮብኛል፤ እሱን ልነግርዎት ነው የተቀመጥኩት። ባለፈው ሳምንት ስትደውሉልኝ ስልኩን ሳላነሳ የቀረሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ነበር።

እታለም፣ የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ ከአባባ በፊት ላንቺ አንድ ልመና አለኝ። ደብዳቤዬ ሲመጣ አባባ ሞተር ሁሉ አስጠፍተው፣ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ ጋራዡ መሃል ጎማ ላይ አስቀምጠው እንደሚያስነብቡሽ አውቃለሁ። በያጁ አጎቴም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ ያችን ቦታ ድገሚያት» እያለ ያስቸግርሻል። ይህንን ግን እባክሽ ለብቻቸው አንብቢላቸው። ወደ ውስጥ ይዘሻቸው ግቢና በሩን ዝጊ። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

አባባ፣ አይደንግጡ። እጄም እግሬም በቦታው ነው፤ ከሰውም አልተጣላሁም፣ ፖሊስም አልፈለገኝም።

ባለፈው ደብዳቤዬ አለቃችን የጀልባ ሆድ ከመፋቅ አንስቶ ሞተር ላይ እንዳዛወረኝ ጽፌልዎት ነበር። እርስዎም ለሠራተኞቹ ሁሉ ለስላሳ ገዝተው «ልጄ የባሕር ሞተር ያዘ» እንዳሉ እታለም ጽፋልኛለች። ያን ጊዜ ብቻዬን ፈገግ ብዬ፣ ደግሜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። አሁን ያ ለስላሳ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንን ደብዳቤ ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልዎት። የምሠራበት ግቢ ባሕሩ ዳር ነው። ጀልባ ከውኃ የሚያወጣ ክሬን፣ በነፋስ የሚንኳኳ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ሻይ የምንጠጣበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከሸራ ሰፊው ሱቅ በላይ ደግሞ እኔ የማድርባት ክፍል። ከታች የስፌት መኪናው ሲሠራ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። በግቢው ውስጥ ዋናዎቹ አለቃችንና ጀልባ ቀለም ቀቢው ናቸው። አለቃችን ቃል ቆጣቢ ነው፤ «ጥሩ» ካለዎት ሳምንቱን ሙሉ ይበቃዎታል። ቀለም ቀቢው በተቃራኒው አፉ አያርፍም፤ ከጀልባ ሥር ተኝቶ ቀለሙ ዓይኑ ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ ሰው ያስቃል።

ወደ እኛ ከሚመጡት ጀልባዎች አንዷ የአንዲት አሮጊት ናት። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም «አዋላጇ» እንላቸዋለን። ባለ ሸራ ጀልባ ናት፤ ቤታቸውም እሷው ናት። ምድጃቸው፣ አልጋቸው፣ የአበባ ማሰሮአቸው ሳይቀር እዚያው ነው። ባሕሩ ላይ በነፋስ ይሄዳሉ፤ ወደብ ሲገቡና ሲወጡ ግን ከወለሉ ሥር ያለችውን ትንሽ የናፍጣ ሞተር ያስነሳሉ። ይህች ሞተር ጭሷን ወደ ውስጥ እየለቀቀች አስቸገረቻቸው፤ ትራሳቸው ሁሉ ጭስ ጭስ አለ። አለቃችን ወለሉን ከፍቶ ቢያይ የጭስ ማውጫው ቱቦ አርጅቷል። ሲጨብጡት እንደ በሰለ ሙዝ እጅ ላይ ይልማል፣ በስንጥቁም ጥቁር ውኃ ያንጠባጥባል። «ይህን ለውጥላቸው» ብሎኝ እሱ ሌላ ጀልባ ሊያወርድ ሄደ።

በጭስ ማውጫ ውስጥ ውኃ ምን ይሠራል ብለው ግራ እንደሚገባዎት አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። የባሕር ሞተር የባሕሩን ውኃ ስቦ ራሱን ያቀዘቅዝና ውኃውን መልሶ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይለቀዋል፤ ጭሱና ውኃው አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ማስወጫው እንደኛው ብረት ሳይሆን ሽቦ የተቀበረበት ወፍራም ጎማ ነው። ከሞተሩ ወርዶ ጩኸቱን የሚያፍን፣ ድስት የሚያህል የፕላስቲክ ማርሚታ ውስጥ ይገባል። ከማርሚታው ወጥቶ ሽቅብ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ በአንዲት የብረት መስቀያ ተንጠልጥሎ ጉብ ይልና ተመልሶ ወርዶ በጀልባዋ ጀርባ ቀዳዳ ይወጣል። ይህችን ጉብታ ልብ ይበሉልኝ።

ሥራውን የጀመርኩት እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው። እማማ ስትሸኘኝ ለመኝታህ ብላ የሰጠችኝን አንሶላ አነጠፍኩ። እማማ ይቅር በይኝ፤ አንሶላነቱ ከቀረ ቆይቷል። አንቺ ድሮም «በዚህ ቤት ሰው ያለ አንሶላ ያድራል፣ ሞተር ግን አንሶላ አያጣም» ትዪ ነበር። የፈታሁትን ሁሉ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኩ። ቱቦውን አንቀው የሚይዙትን ፋሸታዎች፣ ብሎኖቹን፣ በመጨረሻም ያችን መስቀያ።

አሮጌው ቱቦ በዋዛ አልለቀቀም። ቦታው ስለሚጠብ በሆዴ ተኝቼ ጭንቅላቴን ቁልቁል ዘቅዝቄ ነበር የምሠራው። በጋራዣችን ጉድጓድ፣ በፎሳው ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ መሥራት ለካ ድሎት ኖሯል! ጎማው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አንድ አካል ሆኗል። አዋላጇ ውኃ አፍልተው ሰጡኝ፤ ጨርቅ እየነከርኩ ጠቀለልኩበት፣ በቢላዋ ቀደድኩት፣ ሽቦው በተራው ጣቴን ቀደደኝ። እሳቸው ከላይ ሆነው «ቀስ፣ ቀስ፤ ጭንቅላቱ መጥቷል» እያሉ ያስቁኛል። በመጨረሻ ተነቅሎ ወጣና የያዘውን ጥቀርሻ በሙሉ ፊቴ ላይ ተፋው።

አዲሱ ቱቦ ግትር ነው። ሽቅብ ወደ መስቀያው ቦታ ልወስደው ብታገል እየተወነጨፈ ይመልሰኛል። ያን ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ይህ ጉብታ ምን ይሠራል? ከማርሚታው እስከ ጀርባዋ ቀዳዳ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አጭር መንገድ አለ። ጭስ ማውጫው የተጣመመ መኪና ሲመጣልን «ሞተሩን አትነቁት፣ ይተንፍስ» እያሉ ሲያቃኑ እያየሁ አይደል ያደግሁት? ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ቱቦ መቁረጥ ሰንፎ ትርፉን ጣሪያ ላይ የሰቀለው መሰለኝ። ቆረጥኩት። በሳሙና ውኃ አንሸራትቼ አስገባሁት፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሸታ አጠበቅኩበት። ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ሥራ ሆነ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደረቴን ነፋሁ።

ቀና ስል አንሶላው ላይ መስቀያዋ ብቻዋን ቀርታለች።

አባባ፣ በእርስዎ ጋራዥ አንሶላው ላይ አንድ ነገር ከተረፈ መኪናው አይወጣም። ባለመኪናው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ቁልፉን ቢነጥቅ አይወጣም። «ይቺ ምን ትሠራ ነበር?» ይሉናል፤ የሚመልስ እስኪገኝ ሁላችንም አንሶላውን ከበን እንቆማለን። በያጁ አጎቴ «ዛሬም ለአንዲት ብሎን ለቅሶ ልንቀመጥ ነው» እያለ ሲያላግጥ፣ እርስዎ ግን እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው መልሱ እስኪመጣ ንቅንቅ አይሉም። ጉዞ ያለው ሰው ይቀመጣል፣ ምሳ ይቀዘቅዛል፣ እማማ ትጣራለች። ይህንን ሕግ ከስሜ እኩል ነው የማውቀው። እኔ ግን ማንም እንዳላየኝ ግራ ቀኙን ቃኘሁና መስቀያዋን አንስቼ ኪሴ ከተትኳት። አንሶላውን አጣጥፌ ወጣሁ።

ሞተሯ ወዲያው ተነሳች። ውኃዋን በጀርባዋ ትተፋለች፤ ውስጥ የነበረው ጭስ ጠፍቷል። አዋላጇ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። አለቃችን እስኪመለስ እንዲጠብቁ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ምን ይታያል ብዬ? ሥራው እኮ አምሯል። በማግስቱ ማለዳ ሸራቸውን ሰቅለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። እሳቸው ሞተሯን አጥፍተው በሸራ እየተመለሱ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ፣ ማዕበሉም ከኋላ። ያ እኔ ቀጥ ያደረግሁት ቱቦ ለባሕሩ በር ከፈተለት። ውኃው እየተገፋ ገባ፣ ማርሚታውን ሞላ፣ አልፎም ሞተሯ ሆድ ውስጥ ደረሰ። ጉብታው ለካ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ባሕሩ ያን ያህል ሽቅብ መውጣት ስለሚያቅተው ከዚያ ይመለሳል። ወደቡ አፍ ላይ ደርሰው ሞተር ሊያስነሱ ቁልፉን ሲያዞሩ ማስነሻው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ቀረ።

የወደቡ አፍ በግራም በቀኝም ድንጋይ ነው። እኛ ከግቢው ሆነን እናያለን። ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋ በጎኗ ወደ ድንጋዩ ትገፋለች። አዋላጇ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነጭ ጸጉራቸው ከሩቅ ይታያል። ቀለም ቀቢው እየጮኸ ሮጠ፣ አለቃችን ገመድ ይዞ ሮጠ። እኔ እግሬ መሬቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ደርሶ ገመድ ወርውሮላቸው ጎትቶ ባያወጣቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎት ደብዳቤ ሌላ ነበር።

ጀልባዋ እንደታሰረች አለቃችን ወለሉን ከፈተ። አንዴ አይቶ ቀና አለ። አዋላጇ ልብሳቸው እንደራሰ ቆመዋል። ዓሣ አጥማጁ አለ፣ ቀለም ቀቢው አለ፣ ወሬ ፈላጊውም ከየጀልባው ወጥቶ ተሰብስቧል። አለቃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቱቦውን እንዲህ ቆርጠህ እንድታስገባ ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩ።

ይኸው ነው አባባ። ለመጻፍ የፈራሁት ቃል ይኸው ነው። በዚህ ብቻ አላበቃሁም። አንቱታውን እንኳ አስቀርቼ «አባቴ መካኒክ ነው፤ ጭስ ማውጫ ቀጥ ማለት አለበት ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው» አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቼ መስቀያዋን ጨብጠዋታል። በዚህ ግቢ ስሠራ ስለ እርስዎ ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳሁዎት ጥፋቴን ላሸክምዎት ነው።

ቀለም ቀቢው «አባትህ መኪናቸውን የሚነዱት ባሕር ላይ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ አብሬ ሳቅኩ።

ጨዉ ብረቱን ሳይበላው መድረስ ስለነበረብን አለቃችንና እኔ ወዲያው ሥራ ጀመርን። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈታን፣ ሞተሯን በእጅ ስናዞራት ውኃው ፈንጥቆ ጣሪያውን መታው። ዘይቱን ስናወጣው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል፤ ቀየርነው፣ አስነስተን አጠፋናት፣ ደግመን ቀየርነው፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ እንዲሁ ስናደርግ አመሸን። ሞተሯ ዳነች። አዲስ ቱቦ ቆርጠን፣ ለሁለት ተጋግዘን እየጎበጥን እስከ ጣሪያው አወጣነው። አለቃችን «መስቀያው የት ገባ?» ሲለኝ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ከየት እንደወጣች አይቷል፤ ተቀብሎ ቱቦውን ሰቀለባት።

እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የነበረውን ሠራተኛ ከዚህ ባነሰ ጥፋት ነው ያሰናበተው። እሱ ግን እጁን እየታጠበ «አንተ ምን ታደርግ፤ እንደተማርከው ነው የሠራኸው። ከእንግዲህ ከእኔ ተማር» አለኝ። ገባዎት አባባ? ሥራዬ የተረፈው በእርስዎ ስም ነው። እርስዎ ሳይሰሙ፣ ሳይጠየቁ፣ እዚያ ጋራዥዎ ውስጥ ሆነው ለእኔ ጥፋተኛ ሆኑልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ የእርስዎ ሆነ። ቀለም ሲንጠባጠብ «የአባትየው ሥራ ነው»፣ በር አልገጥም ሲል «አባትየው ሠርተውት ነው»፣ ሻይ ሲቀጥን «ዛሬ ያፈሉት አባትየው ናቸው»። ቀለም ቀቢው ክፋት የለበትም፤ ሰው ሲስቅለት ደስ ይለዋል። ሲያላግጥ እንኳ እኔ የነፈግኩዎትን አንቱታ አይረሳም። እኔም በተባለ ቁጥር ጥርሴን አሳያለሁ። ማታ ክፍሌ ስገባ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር የምተኛው።

እኔን ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። እርስዎ «ጨርሻለሁ» ካሉ ባለመኪናው ፍሬን ሳይሞክር ቤተሰቡን ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳ ሰው ነዎት። ከሩቅ መጥተው ወረፋ እየጠበቁ የሚያድሩት ሌላ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኔ፣ ልጁ፣ መልኩን እንኳ በማያውቁ ሰዎች አፍ መጫወቻ ያደረግሁት። ደግሞም ውሸት ነው። ጭስ ማውጫ ይቅና ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንሶላው ላይ የተረፈውን ኪስህ ክተት ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የጨረሱኝ አዋላጇ ናቸው። አንድ ቀን አዲሱን ቱቦ ልፈትሽ ብዬ ጀልባቸው ላይ ስወጣ አስቀመጡኝና አባትህ በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሉ አልኩ። «አሁንም ልጆች ያስተምራሉ?» አዎ፣ ታናሽ ወንድሜንም የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው አልኩ። ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ወረቀት ይዘው ወጡ። በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፣ ሞተሯን፣ ማርሚታውን፣ ጉብታውን ስለውታል፤ ባሕሩ የሚመለስበትን ቦታ በቀስት አሳይተዋል። «ይህን ላክላቸው» አሉኝ። «ግን እንዳይከፋቸው አድርገህ ጻፍ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲታረም ይከፋዋል፤ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ብለህ ነው የምትልክላቸው።»

በእኔ ምክንያት ድንጋይ ላይ ሊያልቁ የነበሩ ሴት፣ እርስዎ እንዳይከፋዎት ይጨነቁልዎታል። ወረቀቱን ይዤ እንባዬ መጣ። አንሶላውን፣ መስቀያዋን፣ ኪሴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ከእጄ መልሰው ወሰዱት። «እንግዲያው ይህ ለአባትህ አይደለም» አሉ። ተቆጥተዋል፤ ያኔ ድንጋዩ ዳር ያልተቆጡትን ያህል ተቆጥተዋል። «ለእኔ ነግረህ ቀለለኝ እንዳትል። የሳቁት እኮ ብዙ ነበሩ» አሉኝ።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ከአግዳሚው ተነስቼ ቆምኩ። ዓሣ አጥማጁም አብሮን ነበር። «አባቴ እንደዚያ አላስተማሩኝም» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። ከዚያ የጋራዡን ሕግ ነገርኳቸው፤ አንሶላውን ከበን እንዴት እንደምንቆም፣ ምሳ እስኪቀዘቅዝ እርስዎ እንዴት እንደማይነቃነቁ። መስቀያዋን እንዴት እንደደበቅኳትም ነገርኳቸው። ቀለም ቀቢው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

አለቃችን «ማን አስተማረህ ስልህ ኪስህ ውስጥ ነበረች?» አለኝ። አዎ አልኩ። ሻዩን ሳይቸኩል ጨረሰ። «ሳታውቅ መቁረጥህን አልፌው ነበር» አለ። «ነገ መፋቂያህን ይዘህ ወደ ቀለም ቀቢው ተመለስ። ሞተር እንዳትነካ።»

ስለዚህ አባባ፣ ልጅዎ የባሕር ሞተር መያዙ ቀርቷል። አሁን ጀልባ ሥር ተኝቼ ከሆዷ ላይ የተጣበቀውን ቅርፊት እፍቃለሁ፤ ፍርፋሪው ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ። ያንን ለስላሳ በከንቱ ነው የገዙት። ቀለም ቀቢው «የአባትየው ሥራ» ማለቱን ትቷል። አሁን የተበላሸ ነገር ሲያይ «የልጅየው ሥራ ነው» ይላል። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ይቅርታ ይደረግልኝ ለማለት አፌ አይሞላም፤ ቢሆንም እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ አባባ። ሰው ሲያጠፋ አባቱን የሚጠራው ለእርዳታ ነው። እኔ ጠርቼዎት እፊቴ አቆምኩዎትና ከኋላዎ ተደበቅኩ። አፍሬያለሁ።

እታለም፣ ከላይ ለብቻቸው አንብቢላቸው ያልኩሽን ተዪው። ደብዳቤውን ስጀምር ሐሳቤ እንደዚያ ነበር። ልሰርዘው እስክሪብቶዬን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት፤ እንደገና ልደበቅ እንደነበር ይታይብኝ። በሰው ፊት ያዋረድኳቸውን አባት በር ዘግቼ ይቅርታ ልጠይቅ? በሩን ክፈቺው። ይዘሻቸው ወደ ጋራዡ ውጪና ሞተሩን ሁሉ አስጠፍተሽ፣ ሠራተኞቹን ሰብስበሽ፣ እንደ ሁልጊዜው ጎማው ላይ ተቀምጠሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ ድገሚው። አባባ «ተይ ልጄ፣ ይበቃል» ቢሉሽ አታቁሚ። የሚያስቆሙሽ ለእኔ ብለው ነው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አንሶላው በሳሙናም በሙቅ ውኃም አልለቀቀም፤ ሌላ እንዳትልክልኝ፣ ይኸው ይበቃኛል። ለበያጁ አጎቴ ሰላም በይልኝ። እሱ እያላገጠም ቢሆን ከአንሶላው አጠገብ ተነስቶ አያውቅም፤ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ከአባባ ጎን ቆሞ ሲሠራ ኪስ የሌለው ቱታ ስፉለት። ለሠራተኞቹ በሙሉ፣ የጠጣችሁት ለስላሳ ይቅር ይበለኝ በይልኝ። አንቺንም እታለም፣ ይህን ማንበብ ላንቺም እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ድምፅሽ ቢቆራረጥም እስከ መጨረሻው አድርሺልኝ።

አባባ፣ እስከ ዛሬ በደብዳቤዬ ግርጌ «መካኒኩ ልጅዎ» ብዬ ነበር የምፈርመው። መካኒኩን ዛሬ አንስቼዋለሁ። ልጅዎ የሚለውን ብቻ ትቻለሁ፤ እሱም ይቅር እንደሆነ እታለም ትጻፍልኝ።

ልጅዎ

ከጀልባ ጥገናው ግቢ፣ ከሸራ ሰፊው በላይ ካለችው ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፱ ቀን